የጮኸው የአያትህ ምድጃ ነው

አንድ የአዳማ ወጣት ጽፎልኛል። ጥያቄውን ባጭሩ ላስቀምጠው። ያገለገለ የብረት መፈለጊያ ዲቴክተር ገዝቷል፤ በእረፍት ቀኑ ሊዝናናበት። መጀመሪያ ይዞት የሄደው በወንጂ በኩል ወዳለው የአያቱ የድሮ ቤት ፍርስራሽ ነው። አያቱ በጦርነቱ ጊዜ ጠገራ ብር በእንስራ ቀብረው ነበር ይባላል። ማሽኑ አየር ላይ ሲያዝ ዝም ይላል። ወደ መሬት ሲወርድ ይጮሃል። ሳር ሲነካም ይጮሃል። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ በጣም ስለበረታ ልጁ እስከ ወገቡ ድረስ ቆፈረ። ምንም አላገኘም። የሚገርመው፣ ከጉድጓዱ ያወጣው የአፈር ክምርም ይጮሃል። ወደ ጥገና ሲወስደው «ሳህኑ ሞቷል፣ ይቀየር» አሉት፤ ሳህን የሚሉት ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለውን ክብ መፈለጊያ ነው። ከዚህ በፊትም የሳህኑ ብሎን ተሰብሮ ሌላ ሰው በብረት ብሎን ቀይሮለታል።

ወንድሜ፣ ወደ ማሽኑ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር። ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ የጻፍካት መስመር አለች። «አንድ የዛገ፣ ከባድ፣ ጫፉ ሾል ያለ ብረት አግኝቼ ዕቃ ቤት አስቀምጬዋለሁ» ብለሃል። እሱን ሁለተኛ አትንካው። አታንቀሳቅሰው፣ አትጠበው፣ ዝገቱን አትፋቀው። በሩን ዝጋ፣ ልጆችን አርቅ፣ ለፖሊስ ደውል። በ1933 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ ላይ የጣሊያን ጦር ከአዋሽ በአዳማ በኩል እያፈገፈገ ነው ያለፈው። ከዚያ ወዲህም ስንት መሣሪያ በዚህ መንገድ ተጓጉዟል። ዝገት ፈንጂን አይገድለውም። እንዲያውም ማቀጣጠያው አርጅቶ በትንሽ ንቅናቄ የሚነሳ ሊሆን ይችላል። የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ሆኖ ከተገኘ ደስ ይለኛል፤ ግን እሱን የሚያረጋግጠው አንተም እኔም አይደለንም።

አሁን ወደ ማሽኑ። ሳህኑ የሞተ አይመስለኝም። የሞተ ሳህን አየር ላይም ይለፈልፋል፣ ወይም ጭራሽ ሳንቲም አይሰማም። ያንተ አየር ላይ ዝም ይላል። ደግሞ ያወጣኸው አፈር ራሱ ይጮሃል ብለሃል። እዚህ ላይ ነው የቆምኩት። እንስራ ሙሉ ብር ቢኖር ድምፁ ጉድጓዱ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ይቀር ነበር፤ ወይ ደግሞ ብሩ ክምሩ ውስጥ ይገኝ ነበር። አፈሩ ሲበተን ድምፁም አብሮ ከተበተነ የሚጮኸው አፈሩ ነው። በአንድ ጎጆ ውስጥ ከሌላው ቦታ ለይቶ የሚጮህ አፈር ደግሞ ብዙ ጊዜ እሳት የበላው ነው። ግምቴን ልንገርህ፦ የአያትህን ምድጃ ነው የቆፈርከው።

ይህቺን ነገር ማስረዳት ስለምወድ ታገሰኝ።

ሳህኑ ውስጥ ሁለት ጥቅል ሽቦዎች አሉ። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል። ተናጋሪው በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ አቅጣጫውን የሚቀያይር የማግኔት መስክ ወደ መሬት ይልካል። ሁለቱ ጥቅሎች በከፊል ተደራርበው የሚቀመጡት አዳማጩ ተናጋሪውን በቀጥታ እንዳይሰማው ነው። የወርቅ ሰሪ ሚዛን አስብ። ሁለቱ ሳህኖች እኩል ሲሆኑ መርፌዋ መሃል ላይ ትቆማለች። አሁን ከስር ጠገራ ብር አለ እንበል። መስኩ ብሩ ውስጥ የሚሽከረከር ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ያ ኤሌክትሪክ በበኩሉ የራሱን መስክ መልሶ ይልካል፤ ግን ትንሽ ዘግይቶ። ሚዛኑ ያጋድላል፣ ማሽኑ ይጮሃል። ብርንና ሚስማርን የሚለያያቸው ይህ መዘግየት ነው።

አሁን አፈሩን እንይ። አዳማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት። በዙሪያዋ ያሉት ኮረብቶች ብዙዎቹ እሳተ ገሞራ የተፋቸው ናቸው። ለግቢ መደልደያ የምንደፋው ቀይ ገረጋንቲም የቀዘቀዘ እሳተ ገሞራ ነው። ውስጡ ማግኔታይት የሚባል ጥቁር የብረት ማዕድን ጥቃቅን ፍሬ አለ። ይሄ ፍሬ እንደ ሳንቲም ኤሌክትሪክ አያሽከረክርም። መስኩን ወደራሱ ይስበውና ወዲያው ይመልሰዋል፣ ሳይዘገይ ማለት ነው። ጥሩ ማሽን ላይ «የመሬት ማስተካከያ» የሚባለው ይህን ሳይዘገይ የሚመጣ መልስ ለይቶ የሚጥለው ክፍል ነው።

ምድጃ ግን ሌላ ነገር ነው። አፈሩን ቀይ ያደረገው ተራ ዝገት ማግኔትን እምብዛም አይሰማም። ለዓመታት እሳት ሲነድበት፣ በጭሱና በከሰሉ ስር አየር ሲያጥረው፣ ያ ዝገት ወደ ማግኔታይት ይቀየራል። ሲቀዘቅዝና አየር ሲያገኝ ደግሞ ማግሄማይት የሚባል ሌላ መልክ ይይዛል። ይሄም ማግኔት በደንብ ይስበዋል። ፍሬዎቹ በጣም ደቃቅ ስለሆኑ ከፊሎቹ መስኩን ሲመልሱ ትንሽ ይዘገያሉ። እንደ ብረት ማለት ነው! ማስተካከያ ያለውን ማሽን እንኳ የሚያታልለው እሱ ነው። እናቶቻችን ጠዋት ማታ እንጀራ የጋገሩበት ቦታ ከመቶ ዓመት በኋላም ይናገራል። እኔ ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል።

ግምቴን አትመን፤ ሞክረው። ሁለት የፕላስቲክ ሳፋ ያዝ። አንዱን ከክምሩ፣ ሌላውን ከጉድጓዱ 20 እርምጃ ርቀህ ከወሰድከው አፈር ሙላ። ሚስማር እንዳይኖር አፈሩን በጣትህ ፈትገው። ዲቴክተሩን ፕላስቲክ ወንበር ላይ አጋድመህ ሳህኑ አየር ላይ እንዲሆን አድርግ። ሰዓትህንና ቀለበትህን አውልቅ፣ ስልክህን አርቅ። መጀመሪያ በሳህኑ ፊት የታወቀ ሳንቲም አሳልፍ። ጥርት ያለ አጭር ድምፅ መስማት አለብህ። ከዚያ ሳፋዎቹን ተራ በተራ እስከ አራት ጣት ድረስ አስጠጋ። የክምሩ ሳፋ እያጓራ ሌላኛው ቀለል ካለ ነገሩ አለቀ። በዚህ ካላመንክ ከተበላሸ ስፒከር ላይ ማግኔት አውጣና በፌስታል ጠቅልለህ አፈሩ ውስጥ አሽከርክረው። ስታወጣው ፌስታሉ ላይ እንደ ጥቁር ጢም የቆመ አቧራ ታያለህ። ፌስታሉን ገልብጠህ ስታወልቀው ጢሙ ይረግፋል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር። ብረት ብሎን! የሳህኑ ብሎን ከፋብሪካ ፕላስቲክ ሆኖ የሚመጣው እኮ ለርካሽነት አይደለም። ሳህኑ መሃል ላይ ብረት ዳዶና ብረት ሮንዴላ አስሮ «ጠንክሮልሃል» ብሎ የሚሰጥ ሰው ማሽኑ እንዴት እንደሚሰማ አልገባውም። ብሎኑ ባለበት ሲቆም ማሽኑ ይለምደዋል። ሳህኑ ሳር ሲነካ ግን ብሎኑ በጥቂቱ ይወዛወዛል፣ ሚዛኑ ይናጋል፣ ይጮሃል። ሳር ሲነካ የሚጮኸው በዚህ ነው። ፕላስቲክ ብሎን ካጣህ የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ሂድ። የሽንት ቤት መቀመጫ ክዳን የሚታሰርበት ፕላስቲክ ብሎን ከነዳዶው አለ። ቀዳዳው ትንሽ ከጠበበ ብሎኑን በሞረድ አቅጥነው እንጂ ሳህኑን አትብሳ። ለጊዜው ከሆነ የእንጨት ሽብልቅም ይሠራል።

በዚያው ገመዱን እየው። ከሳህኑ እስከ ሳጥኑ ድረስ ዘንጉ ላይ ጥብቅ ብሎ መጠምጠም አለበት። ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ ራሱ ይጮሃል። ማሽኑን ክፈትና ገመዱ በመሃል የተቀጠለ እንደሆነ አረጋግጥ። ሽቦ ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል ለአምፖል ይሆን ይሆናል፣ እዚህ አይሠራም። የውጨኛው መረብ ሽቦ ሳይቀር በስታኞ ተበይዶ መያያዝ አለበት። ውስጥ ያለችውን ትንሽ ማስተካከያ ብሎን ደግሞ በካቻቢቴ እንዳትነካት። የፋብሪካው ሚዛን የተቀመጠው እሷ ላይ ነው። ከአንተ በፊት የጠገነው ሰው ነክቷት ከሆነ አየር ላይ ዝም ማለቱ ራሱ ዕድል ነው።

ባትሪ። ባለ 9 ቮልት ርካሽ ድንጋይ ሱቅ ውስጥ 9 ያሳያል፣ ማሽኑ ሲበራ ይወድቃል። ስለዚህ ማሽኑ በርቶ እያለ በቴስተር ለካ። ከ7.5 በታች ከወረደ ጣለው። አልካላይን ግዛ። በርካሽ ድንጋይ ምክንያት ስንት ደህና ማሽን «ሞቷል» ተብሎ እንደተፈታ እኔ ነኝ የማውቀው።

አጠቃቀሙ ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚሠራውን ነው የሠራኸው፤ ሴንሲቲቪቲውን፣ ማለትም የማሽኑን የመስማት ኃይል፣ ጥግ ድረስ ከፍተኸዋል። በአዳማ አፈር ላይ ግማሽ ላይ ጀምር። የመሬት ማስተካከያ ማዞሪያ ካለው ብረት የሌለበት ቦታ ፈልግ። ሳህኑን ከመሬት ከአንድ ስንዝር በላይ አንሳና እስከ ሦስት ጣት ድረስ ዝቅ አድርግ፤ ደጋግመው። ስታወርደው ድምፁ ከጨመረ ማዞሪያውን ወደ አንድ ጎን፣ ከቀነሰ ወደ ሌላው አዙር። ሲወርድም ሲነሳም ድምፁ እኩል ሲሆን ደርሰሃል። ማዞሪያ ከሌለው ሴንሲቲቪቲውን ቀንስና ሳህኑን ከመሬት አራት ጣት ከፍ አድርገህ ፈልግ። ጥልቀት ታጣለህ፣ ሰላም ታገኛለህ። ከፍተኛ ኃይል ተሸካሚ መስመር ስር ደግሞ ማሽኑ ያለምንም ብረት ይንጫጫል። ከቆቃ የሚመጡት መስመሮች አጠገብ ከሆንክ ራቅ በል እንጂ ማሽኑን አትውቀስ።

እንደገና ፍርስራሹ ላይ ከመውጣትህ በፊት ግቢህ ውስጥ ተለማመድ። ሳንቲም፣ ሚስማር፣ የለስላሳ ቆርኪና የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት በየተራ በጣት፣ በመዳፍና በስንዝር ጥልቀት ቅበር። ቦታቸውን በእንጨት ምልክት አድርግ። ሳንቲሙን አስቀድመህ በማግኔት ሞክረው፤ ከተሳበ ውስጡ ብረት ስለሆነ ለልምምድ አይሆንም። ቆርኪ ጀማሪን ያታልላል፣ እንደ ጥሩ ነገር ይዘፍናል። ጆሮህ እስኪለየው ድረስ አንድ ሳምንት ስጠው። ድምፅ ስትሰማ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ አትመን። 90 ዲግሪ ዞረህ በመስቀለኛ አሳልፈው። በሁለቱም አቅጣጫ አንድ ቦታ ላይ ከጮኸ ቁፋሮ ይገባዋል።

ቁፋሮው ላይ ጠበቅ እላለሁ። ዶማ አታንሳ። መኮትኮቻ ይበቃል፣ እሱም ከጎን እንጂ ድምፁ ላይ ቀጥ አድርገህ አትውጋው። እንዲህ ዓይነት ማሽን ጠገራን የሚያክል ነገር ከሁለት ስንዝር በታች ያገኛል ብለህ አትጠብቅ። እስከ ወገብ መቆፈር ትርፉ ድካም ነው፤ ግድግዳውም ሊናድብህ ይችላል። ረዘም ያለ፣ ክብ፣ ጫፉ የሾለ ወይም ክንፍ ያለው ብረት ካየህ እጅህን አንሳ። አፈሩን መልሰህ አትጫንበት፣ ምልክት አድርግና በመጣህበት ዱካ ተመለስ፣ ለፖሊስ ንገር። ስትጨርስ ተራውን ጉድጓድ ሁሉ ድፈን፤ የጎረቤት በሬ እግሩን እንዳይሰብር።

ሕጉንም ልንገርህ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ፍለጋ ብሎ መቆፈር ፈቃድ ይጠይቃል። በአጋጣሚ ያገኘም ወዲያውኑ ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ የድሮ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ መቃብርና የታወቀ ታሪካዊ ቦታ ላይ ማሽን አታብራ። ለአያትህ ግቢም ቢሆን አስቀድመህ የወረዳውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጠይቅ። የሰው ማሳ ላይም ባለቤቱን ሳትጠይቅ አትግባ። እስከዚያው ጓደኛህ ግቢ ውስጥ የጠፋበትን ቀለበት ፈልግለት። ለጀማሪ እንደዚህ የሚያስተምር ሥራ የለም፣ ደስታውም ትልቅ ነው።

ጠገራው አለ ወይስ የለም? አላውቅም፣ ግን ካለ እንዳትሳሳት፦ ላዩ ላይ 1780 የሚል ዓመት ታያለህ። ጠገራው ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ከሞተች በኋላ በተለያዩ አገሮች ለብዙ አሥርት ዓመታት በዚያው ዓመት ቁጥር ሲቀረጽ ስለኖረ ቁጥሩ ዕድሜውን አይነግርህም። ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 28 ግራም ነው። ብዙ ጠገራ በአንድ ላይ ሲሆን ድምፁ አያወላዳም። ክምሩን ስትበትነው አብሮ አይበተንም።

ሳህኑን አትቀይር፣ ገንዘብህን ያዝ። ብሎኑን ቀይር፣ ሳፋውን ሞክርና የሆነውን ጻፍልኝ። ዕቃ ቤት ስላለው ብረት ለፖሊስ መደወሉን ግን ለነገ አታሳድረው። ቁራሌው በሰፈር ሲያልፍ ሰው ሳያውቅ አውጥቶ እንዳይሸጥለት ለቤተሰቡ ሁሉ አሁኑኑ ንገር።