የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጉድጓዱ ይቅርና በርሜል ያዘጋጁ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ አከራዬን ጨምሮ አራት ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ባለፈው ክረምት የአትክልት ልጣጭ አብላልቼ ኮምፖስት ለማዘጋጀት ከአጥሩ ሥር ጉድጓድ ብቆፍርም ዝናብ ሞላበት፤ ሽታው ጎረቤቶቼን ስላስቸገረ አከራዬ እንድደፍነው አዘዙኝ። ያ ሁሉ ልጣጭ ተጥሎ ሲቀር ስለሚቆጨኝ እንደገና መሞከር እፈልጋለሁ። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ አከራይዎ ትክክል ነበሩ። ጉድጓድ ዝናብ በሚያጥርበት አገር እርጥበት ጠብቆ ስለሚያቆይ ይመረጣል፤ በአዲስ አበባ ክረምት ግን ውኃ ይቋጥራል፣ አየር ያጣው ልጣጭም በመብላላት ፈንታ ይከረፋል። መሬቱም የሰው ነው። ስለዚህ አሁን ቤት ሲቀይሩ ይዘውት በሚሄዱት ዕቃ ቢጀምሩ ይሻላል።

ከሁሉ አስቀድመው አከራይዎን ያማክሩ፤ ቦታውንም እሳቸው ያሳዩዎት። ከመስኮት ራቅ ያለ ጥላ ቦታ ይበቃል። ሽታ ከመጣ በዕለቱ እንደሚያነሱት ቃል ይግቡላቸው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ስለሚደነግግ፣ ከ4 እስከ 6 ወር ለሚፈጅ ሥራ ጊዜ አያጥርዎትም።

ዕቃው 100 ሊትር ያህል የሚይዝ፣ ክዳን ያለውና ኬሚካል ያልነካው የፕላስቲክ በርሜል ቢሆን ይመረጣል። ሥሩንና ጎኑን በጋለ ብረት ይብሱት፤ አይጥ እንዳይገባ ቀዳዳዎቹ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር አይብለጡ። በብሎኬት ላይ አስቀምጠው ከሥሩ ጭራሮ ያንጥፉበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አሞላሉ ላይ ነው። አንድ እጅ ልጣጭ ሲጨምሩ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ደረቅ ነገር ሊያለብሱት ይገባል፤ ከባለፈው ጉድጓድዎም የጎደለው ይኸው ሳይሆን አይቀርም። የጎመን ግንድ፣ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የተደቆሰ የእንቁላል ቅርፊት እርጥቡ ወገን ናቸው። ደረቁ ወገን ደግሞ የረገፈ ቅጠል፣ ጭድ፣ ቀለም ያልነካው ሰጋቱራ፣ እንዲሁም ከበዓል በኋላ ደርቆ የሚጠረገው ቄጠማ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ለመበስበስ ስለሚያስቸግር ባይበዛ ይመከራል።

ደረቅ ቅጠል በክረምት አይገኝምና በበጋ በጆንያ ማጠራቀም ያስፈልጋል። በየዓመቱ ህዳር 12 ቀን፣ ህዳር ሲታጠን በየደጃፉ ተከምሮ የሚቃጠለውን ቅጠል ሳይ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ የዓመት ስንቅ የሚሆን ነገር በአንድ ጀምበር ጭስ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ቀን በፊት ጎረቤቶችዎን ጠይቀው ሁለትና ሦስት ጆንያ ቢሰበስቡ፣ ግቢውም ይጸዳል፣ የእርስዎም ሥራ ግማሹ ይቃለላል።

ሥጋ፣ አጥንት፣ ዘይት የነካው የወጥ ትራፊና የውሻ ወይም የድመት እዳሪ ፈጽሞ አይግቡበት። የበግ ፈርስም ቢሆን በጋራ ግቢ ዝንብ ስለሚጠራ ይቅርብዎ።

በሳምንት አንድ ጊዜ በእንጨት ከሥር ወደ ላይ ያገላብጡት፤ ያን ጊዜም ከመሃሉ ጭብጥ አድርገው ይጭመቁ። ውኃ ከጣቶችዎ መሃል ከተንጠባጠበ ደረቅ ቅጠል ይጨምሩ፤ እጅዎን ሳያረጥብ ከፈረሰ ጥቂት ውኃ ይርጩበት፤ እንደ ተጨመቀ ስፖንጅ ረጠብ ብሎ ቅርጹን ከያዘ ተስማምቶታል። ሽታ ካመጣም መድኃኒቱ ያው ደረቅ ቅጠልና ማገላበጥ ነው እንጂ ኖራ መነስነስ አይደለም።

በርሜሉ ሲሞላ ልጣጭ መጨመሩን አቁመው በሌላ ዕቃ ይጀምሩ፤ እየጨመሩበት የሚበስል ኮምፖስት የለም። ልጣጩ ከአፈሩ የማይለይ ሆኖ ሲጠቁርና ዝናብ የነካው አፈር ሲሸት፣ ጥቂቱን በቆርቆሮ አድርገው የጎመን ዘር ይዝሩበት። ቡቃያው በሳምንት ገደማ ሳይገረጣ ከወጣ ደርሷል፤ ቢጫ ከሆነ ወይም ካልበቀለ ሌላ አንድ ወር ይቆይ። የደረሰውን ነፍተው አንድ እጅ ኮምፖስት ከሁለት እጅ አፈር ጋር ይቀላቅሉ፤ የመጀመሪያውንም ለአከራይዎ ጤና አዳም ቢሰጡ ደስ ይለኛል።