አጫጭር የኮምፒዩተር ትእዛዞችን ለምታጠኑ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ተርሚናል፣ ማለትም ኮምፒዩተሩን በጽሑፍ የምናዝዝበት መስኮት ላይ መሥራት የጀመራችሁ ሰሞን ኤልኤስ (ሊስት)፣ ሲፒ (ኮፒ)፣ ኤምቪ (ሙቭ)፣ አርኤም (ሪሙቭ) የሚሉትን ሁለት ሁለት ፊደል ትእዛዞች እንደ ማባዛት ሠንጠረዥ ስትሸመድዱ አያለሁ። እኔም የተማርኩት እንዲሁ ነበር፤ ኋላም ጉዳቱን ቀምሼዋለሁ። ስለዚህ አጥብቄ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ትእዛዙን ከመልመዳችሁ በፊት ከየትኛው ሙሉ ቃል እንደተቆረጠ እወቁ።

ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላብራቶሪዎች እነዚህ ትእዛዞች የሚሠሩበትን የኮምፒዩተር ማስኬጃ ሥርዓት፣ የዩኒክስን ሥራ ሲጀምሩ፣ በዚያ ዘመን ሰውና ኮምፒዩተር የሚነጋገሩት በአብዛኛው ቴሌታይፕ በሚባል፣ ጽሑፉን ወረቀት ላይ በሚያትም መሣሪያ ነበር። ከቴሌታይፖቹ የታወቀው ሞዴል 33 በሴኮንድ ከ10 ፊደል በላይ ማተም ስለማይችል፣ 72 ፊደል የሚይዘውን አንድ መስመር ለመሙላት ከ7 ሴኮንድ በላይ ይፈጅበታል፤ ቁልፎቹም ካልተጫኗቸው የማይታዘዙ ከባዶች ነበሩ። ከትእዛዙ ስም የተቀነሰች እያንዳንዷ ፊደል ጣትንም ጊዜንም ታሳርፋለች። ያለንበትን ዳይሬክተሪ፣ ማለትም የፋይሎች ማኅደር የሚነግረን የፒደብሊውዲ (ፕሪንት ዎርኪንግ ዳይሬክተሪ) ፊተኛ ፊደል «ፕሪንት» የሚለውን ቃል መያዙም ከዚሁ የመጣ ነው፤ መልሱ በእርግጥ ወረቀት ላይ ይታተም ነበርና።

ከሁሉም አብልጬ የምወደው፣ በፋይል ውስጥ ቃል የሚፈልገውን ትእዛዝ፣ የግሬፕን አመጣጥ ነው። ኢዲ በተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ውስጥ አንድ ቃል ያለባቸውን መስመሮች ሁሉ ለማየት መጀመሪያ ጂ፣ ቀጥሎ በሁለት ስላሾች መካከል የሚፈለገው ቃል፣ በመጨረሻም ፒ ይጻፋል። ጂ «ግሎባል» ማለትም በፋይሉ በሙሉ፣ ፒ ደግሞ «ፕሪንት» ሲሆን፣ በመካከል ለሚገባው «ሬጉላር ኤክስፕሬሽን»፣ ማለትም የሚፈለገውን ጽሑፍ ለሚገልጸው አጻጻፍ፣ አር እና ኢ ቆመውለታል። ቶምሰን ይህንኑ ሥራ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ሲያደርገው ስሙን ከዚያው ትእዛዝ ወሰደ። ይህን የተረዳ ሰው፣ ግሬፕ የተገኘውን ቃል ብቻ ሳይሆን መስመሩን በሙሉ የሚያወጣው ለምን እንደሆነ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

እኔን የጎዳኝ፣ ፋይልን ወይም ዲስክን እንዳለ የሚገለብጠው ትእዛዝ፣ ዲዲ ነው። በወጣትነቴ የአንድ ዲስክ ቅጂ ላወጣ ስል አይኤፍንና ኦኤፍን አቀያይሬ፣ ባዶውን ዲስክ በሞላው ላይ ገለበጥኩት፤ የባልደረቦቼ የብዙ ሳምንት ሥራም በዚያው ጠፋ። ሁለቱን የማውቃቸው በቅደም ተከተላቸው ብቻ ነበር እንጂ፣ አንደኛው «ኢንፑት ፋይል» ማለትም የሚነበበው፣ ሌላው «አውትፑት ፋይል» ማለትም የሚጻፍበት መሆኑን ያስተማረኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የትእዛዙ አጻጻፍ ከሌሎቹ የዩኒክስ ትእዛዞች የተለየው ስሙ በአይቢኤም የሥራ ማዘዣ ቋንቋ ውስጥ ካለው፣ «ዳታ ዴፊኒሽን» ከሚባለው መግለጫ ስለመጣ መሆኑን ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

ሁሉም ስም ግን ሥራውን አይናገርም። ኦክ የተባለው፣ ጽሑፍን መስመር በመስመር የሚያስተናግደው ትእዛዝ ስም የሠሪዎቹ የአሆ፣ የዋይንበርገርና የከርኒሀን ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት ስለሆነ፣ ብትፈቱትም ስለ ሥራው የሚነግራችሁ የለም። እንዲህ ያለው ሲገጥማችሁ፣ «ማኑዋል» ከሚለው ቃል በተቆረጠው «ማን» በተባለው ትእዛዝ መመሪያውን ክፈቱ፤ ከስሙ አጠገብ የትእዛዙ ሥራ በአንድ አጭር መስመር ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ ጣታችሁን ወደ ቁልፉ ከመላካችሁ በፊት እርሱን አንብቡ።