ስለ ሚስ ራትቦን የፓርላማ ንግግሮች ለጠየቅሽው

ሰላም እህቴ። ኤሊኖር ራትቦን በእንግሊዝ ፓርላማ ስለ ኢትዮጵያ የተናገሩትን ከየት እንደምታገኚ፣ ደግሞም «ብዙ ጊዜ የተናገረ የበለጠ ተሟግቶልናል ማለት ይቻላል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። የመመረቂያ ጽሑፌን በጣሊያን ወረራ ዘመን ላይ ስሠራ ወራት የፈጀሁት በዚሁ መዝገብ ስለሆነ ያየሁትን ልንገርሽ።

የፓርላማው ንግግር የሚሰፍርበት ይህ መዝገብ ሃንሳርድ ይባላል። የድሮው ክፍል ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይነበባል፤ በየአባሉ ስም ሥር ንግግሮቹ በዓመት ተደርድረዋል። እኔ መጀመሪያ የፈለግሁት «ኢትዮጵያ» ብዬ ነበር። ጥቂት ነገር ብቻ ሲመጣልኝ ረስተውን ኖሯል ብዬ አዘንኩ። ለካ ያኔ አገራችንን የሚጠሯት አቢሲኒያ እያሉ ነው! የቀኑንም ነገር አደራ፤ አዲስ አበባ የተያዘችበት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 እነሱ ዘንድ ሜይ 5 ቀን 1936 ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ቁጥሩ ስመጣ፣ እኔም ማን ስንት ጊዜ እንደተናገረ ቆጥሬ ሠንጠረዥ ሠርቼ ነበር። ከላይ የወጡት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮቹ ሆኑ። ከነሱ አንዱ ሳሙኤል ሆር ናቸው፤ ከፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ከላቫል ጋር አገራችንን ቆርሰው ለጣሊያን ሊሰጡ ተስማምተው፣ ሕዝቡ ሲቆጣ በዲሴምበር 1935 ሥልጣናቸውን የለቀቁት። ሚኒስትር ለተጠየቀው ሁሉ መመለስ ሥራው ነው፤ እያንዳንዷ አጭር መልስ ደግሞ ትቆጠርለታለች። ሠንጠረዡን ቀደድኩት።

የቀድሞውን ጠቅላይ ሚኒስትር ሎይድ ጆርጅን ደግሞ ተመልከቺ። ከ1890 ጀምሮ በምክር ቤቱ የነበሩ ሰው ናቸው፣ ንግግራቸው ተቆጥሮ አያልቅም። እኔን የነካኝ ግን ጁን 18 ቀን 1936 የተናገሩት ነው። ሆርን የተኩት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኤደን በጣሊያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ ይነሣ ብለው ባስታወቁበት ዕለት ሎይድ ጆርጅ ተነሥተው፣ የእንግሊዝ ሚኒስትር እዚህ መጥቶ አገሩ መሸነፏን ሲናገር ሰምተው እንደማያውቁ ገለጹ። የአያቴ ወንድም ማይጨው ላይ ነው የቀረው፤ ያን ገጽ ሳነብ እንባዬን መያዝ አልቻልኩም።

ሚስ ራትቦን ከ1929 እስከ ሞቱበት 1946 ድረስ የግል ተመራጭ ነበሩ። ያኔ የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን የራሳቸውን እንደራሴ ይመርጡ ስለነበር የገቡት በዚያ ድምፅ ነው፤ ይህን ተናገሪ፣ ያንን ተዪ የሚላቸው ፓርቲ አልነበረም። ስለዚህ ረጅም ንግግራቸውን ብቻ አትፈልጊ። ጥያቄዎቻቸውን በቀን ተራ አንብቢ። ጥያቄው ይቀርባል፣ ሚኒስትሩ የተዘጋጀ መልሱን ያነባል፣ ወዲያው ተጨማሪ ጥያቄ ይከተላል። ለዚያች ለመጨረሻዋ የተጻፈ መልስ የለውም፤ እውነተኛው ሙግት ያለው እዚያ ነው። 1936 ላይም እንዳታቆሚ። እንግሊዝ የጣሊያንን ገዢነት በይፋ እስከተቀበለችበት እስከ ኖቬምበር 1938 ድረስ ሂጂ።

ቃል በቃል ስትጠቅሺ ተጠንቀቂ፤ ጸሐፊዎቹ ድግግሞሽን ያወጣሉ፣ ግልጽ ስሕተትንም ያርማሉ። የቅጹንና የዓምዱን ቁጥር ከመጀመሪያው ቀን ጀምረሽ መዝግቢ። እኔ ቀኑን ብቻ ጽፌ ስለነበር፣ ማስረከቢያዬ ደርሶ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያነበብኩትን መልሼ ስፈልግ ከርሜአለሁ።