በዚያው ኃጢአት ደግሜ ወደቅሁ፤ በምን ፊቴ ልመለስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ስሜን አልጽፍም፤ የኃጢአቴንም ዓይነት ባልጠቅስ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለዓመታት የታገልኩት አንድ ልማድ አለብኝ። ንስሐ ገብቼ፣ ቀኖናዬን ፈጽሜ፣ ሥጋ ወደሙን ተቀብዬ ጥቂት ወራት ደህና እሰነብታለሁ፤ ከዚያ ተመልሼ እዚያው ጉድጓድ እገባለሁ። ለንስሐ አባቴ ይህንኑ አራት ጊዜ ተናዝዣለሁ። ለአምስተኛ ጊዜ ምን ብዬ ልቅረብ? በእግዚአብሔር መቀለድ እየመሰለኝ ነው። ዕብራውያን 10፥26 ላይ «ወደን ኃጢአት ብናደርግ» የሚለውን ካነበብኩ ወዲህ ደግሞ የእኔ ነገር ያበቃለት መስሎኛል። ልማዱን ፈጽሜ እስክተው ድረስ ከንስሐ አባቴም ከቤተ ክርስቲያንም ራቅ ብል አይሻልም? በወደቅኩበት ሌሊትስ መጸለይ ድፍረት አይሆንም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የኃጢአትህን ስም ባለመጻፍህ ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልግህም። እኔ ልሰማው አይገባኝም፤ የሚሰማው ሌላ አባት አለህ። ሌሎቹ ጥያቄዎችህ ሁሉ በእርሱ ላይ የተንጠለጠሉ ስለሆነ «ራቅ ብል አይሻልም?» ካልከው ልጀምር። አይሻልም።

ይህ አሳብ ከላይ ሲያዩት ትሕትና ይመስላል። ጠጋ ብለህ ስታደምጠው ግን «መጀመሪያ እኔ ራሴን ላድን፤ ከዚያ የዳነውን ሰው ይዤ ለእግዚአብሔር ላቅርብ» ነው የሚለው። እርሱ ሳይኖር መዳን የሚቻል ከሆነ ኋላ ወደ እርሱ የምትሄደው ለምንድን ነው? ለምስጋና ብቻ? አራት ጊዜ ተናዝዘህ የወደቅህ ሰው፣ ያለ ጸሎትና ያለ ንስሐ አባት ብቻህን ትቆማለህ ብሎ የነገረህ ማን እንደሆነ አስብ። ምክሩ ከየት እንደመጣ እኔ አልጠራጠርም።

ዳዊት ከኦርዮ ሚስት ጋር ከወደቀና ባሏን ካስገደለ በኋላ የጸለየውን 50ኛውን መዝሙር በቃልህ ሳታውቀው አትቀርም። «አቤቱ፥ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ» ይላል። መጠን የምትለዋን ቃል ያዝልኝ። «እንደ ጸጸቴ መጠን» አላለም፤ «ከእንግዲህ እንደማልደግመው መጠን» አላለም። መስፈሪያው የእግዚአብሔር ነው። አንተ እየሰፈርህ ያለኸው በራስህ መስፈሪያ ስለሆነ አራት ላይ ሲደርስ ሞላብህ።

ደግሞም በጸሎታችን 41 ጊዜ «ኪርያላይሶን» እንላለን፤ አቤቱ ማረን ማለት ነው። አንዴ ተብሎ ቢበቃ ኖሮ ሁለተኛው ትርፍ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የመጨረሻውን ጨርሳ «በቃ፣ ምሕረት አግኝቻለሁ» ብላ አታውቅም፤ በማግሥቱም ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ካህኑም ዲያቆኑም ሕዝቡም አብረው ነው የሚሉት። አንተ አምስተኛውን ለመጠየቅ ያፈርህባት ቤት እንዲህ ያለች ናት።

አሁን ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን አስቀምጬ ላሳይህ። በአንድ ሌሊት የወደቁ፣ ሁለቱም ሐዋርያት ናቸው።

ይሁዳን ዘወትር የምናነሣው በክፋቱ ብቻ ነው። ማቴዎስ 27ን ረጋ ብለህ አንብበው። ተጸጸተ ይላል። 30ውን ብር መለሰ። «ንጹሕ ደም አሳልፌ በመስጠቴ በድያለሁ» ብሎ በገዛ አፉ ተናገረ። ጸጸት አለ፣ ኑዛዜ አለ፣ የወሰዱትን መመለስም አለ። እውነቱን ለመናገር የብዙዎቻችን ንስሐ ይህን ያህል አይሞላም። ታዲያ ምን ጎደለው? የሄደበት ደጅ ነው የጠፋበት። ጸጸቱን ተሸክሞ የሄደው ክርስቶስን ወደ ገዙት የካህናት አለቆች ነበር፤ የመለሱለትም «እኛስ ምን አግዶን? አንተው ተጠንቀቅ» የሚል ነው። ኃጢአቱን እንደያዘ ብቻውን ቀረ፤ ብቻውንም ሄዶ ጠፋ። እኔን ይህ ምዕራፍ ያስፈራኛል፤ የሚያስፈራኝ ግን ከ30ው ብር ይልቅ ያ ብቸኝነት ነው። አንተ አሁን «ራቅ ብዬ ልቆይ» ስትል የምትመርጠው እርሱን ነው።

ጴጥሮስም ሦስት ጊዜ ካደ፤ ሦስተኛውን እየረገመና እየማለ ነው። ነገር ግን ዶሮ ሳይጮኽ፣ ገና ማዕድ ላይ ሳሉ፣ ጌታ «አንተም በተመለስህ ጊዜ ወንድሞችህን አጽና» ብሎት ነበር (ሉቃ. 22፥32)። «ብትመለስ» አላለውም፤ «በተመለስህ ጊዜ» ነው ያለው። ውድቀቱ ከመድረሱ በፊት መመለሻው ተነግሮት ነበር። ጴጥሮስ ምርር ብሎ አለቀሰ፤ ከወንድሞቹ ግን አልተለየም። በትንሣኤው ጠዋት ከዮሐንስ ጋር ወደ መቃብሩ ሲሮጥ የምናገኘው ለዚህ ነው።

ዮሐንስ ወንጌላዊ ደግሞ አንዲት ትንሽ ነገር መዝግቧል። ጴጥሮስ የካደው በሊቀ ካህናቱ ግቢ ፍም እሳት ሲሞቅ ነበር (18፥18)። ከትንሣኤ በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ጌታ ሲጠብቃቸውም ፍም አለ፤ ዓሣ በላዩ፣ እንጀራም አጠገቡ (21፥9)። የዚያች ሌሊት ሽታ ጴጥሮስን ያልመታው አይመስለኝም። እዚያ ሦስት ጊዜ «አላውቀውም» ያለው ሰው እዚህ ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» ተብሎ ተጠየቀ። «ሁለተኛ ትክደኛለህን?» አልተባለም፤ «ለምን አደረግኸው?» የሚልም አልነበረም። በሦስተኛው ጊዜ ጴጥሮስ አዘነ ይላል፤ ቁስሉ ተነክቷላ። ምሕረት የሚነካው እንዲህ ያለውን ቦታ ነው። የተነካውም በጎቹ በአደራ ሊሰጡት ነበር።

ወደ ዕብራውያን ልለፍ፤ ጥቅሱ ብዙዎችን ስለሚያስጨንቅ። እዚያው ምዕራፍ ሦስት ቁጥር ወረድ ብትል ሐዋርያው የሚናገረው ስለ ማን እንደሆነ ታያለህ፦ የእግዚአብሔርን ልጅ ስለረገጠ፣ የተቀደሰበትንም የኪዳኑን ደም እንደ ርኩስ ነገር ስለቆጠረ ሰው። መልእክቱ የተጻፈላቸው መከራ ሲበዛባቸው ክርስቶስን ትተው ወደ ቀድሞው ሊመለሱ ለሚያመነቱ ሰዎች ነው። እርሱን ጥሎ የሄደ ሌላ መሥዋዕት ከየት ያገኛል? የለም፤ ማስጠንቀቂያው ይህ ነው። ረግጦ የሄደና ወድቆ የሚያለቅስ አንድ አይደሉም። አንተ ደሙን እንደ ርኩስ ብትቆጥር ኖሮ ይህን ደብዳቤ አትጽፍልኝም ነበር።

ቤተ ክርስቲያንም በዚህ ጉዳይ ጥንት ብርቱ ክርክር አድርጋበታለች። በ250 ዓ.ም. የሮም ንጉሥ ዳኬዎስ ለጣዖት ሠዉ ብሎ ባስጨነቀ ጊዜ ብዙ ክርስቲያኖች ፈርተው ሠዉ። ስደቱ ሲያልፍ እያለቀሱ ተመለሱ። ኖቫትያን የተባለ የሮም ቄስ «የካደ ወደ ቤተ ክርስቲያን አንድነት አይመለስም» አለ፤ ተከታዮቹም ራሳቸውን «ንጹሓን» ብለው ጠሩ። ቤተ ክርስቲያን በዚህ አልተስማማችም። በ325 ዓ.ም. የኒቅያ ጉባኤ ከእነዚህ «ንጹሓን» መካከል መመለስ የሚፈልግ ቢኖር፣ በስደት ወድቀው ንስሐ ከገቡት ጋር አንድነት እንደሚኖረው በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ወሰነ (ቀኖና 8)። ያው ጉባኤ ምንም ሳይገደዱ ለካዱት ደግሞ የ12 ዓመት ንስሐ ሠራ፤ 3 ዓመት ቃሉን ብቻ ሰምተው ከሚወጡ ሰሚዎች ጋር፣ 7 ዓመት እየሰገዱ ምሕረት ከሚለምኑ ሰጋጆች ጋር፣ 2 ዓመት ቁርባን ሳይቀበሉ በጸሎት ብቻ። ንስሐው ከልብ መሆኑ ሲታይ ኤጲስ ቆጶሱ እንዲያቀልለት ፈቀደ። ሊሞት የተቃረበ ሰው ከጠየቀ ግን ቁርባን እንዳይከለከል አዘዘ። ዘመኑ ረጅም ነበር፤ ደጁ ግን አልተዘጋም።

አሁን የምትለኝን አውቃለሁ፦ «እንዲህ ከሆነ ሰው እንደልቡ ኃጢአት ይሠራል።» ቅዱስ ጳውሎስም ይህን ስለሰማ ነው «ጸጋ እንዲበዛ በኃጢአት ጸንተን እንኑርን?» ብሎ ጠይቆ «አይደለም» ብሎ የዘጋው። «ነገ ንስሐ እገባለሁ» ብሎ ዛሬ ኃጢአቱን አስልቶ የሚሠራ ሰው አለ፤ እየታገለ የሚወድቅም አለ። ችግሩ ሁለቱ አንዳንዴ አንድ ሰው ውስጥ ያድራሉ። ራስህን መርምር፦ ልማዱ የሚጀምርበትን ደጅ ዘግተኸዋል ወይስ ለክፉ ቀን ብለህ ገርበብ አድርገህ ትተኸዋል? ገርበብ ካለ፣ የአምስተኛው ኑዛዜህ መጀመሪያ ይህ ይሁን።

ምናልባት እስከ ዛሬ ለንስሐ አባትህ የነገርኸው የኃጢአቱን ስም ብቻ ይሆናል። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ፤ በስሙ ብቻ የሚድን በሽታም ጥቂት ነው። መቼ እንደሚመጣብህ፣ ከማን ጋር ስትሆን፣ ምን ሲከፋህ ወይም ምን ሥራ ስትፈታ እንደሆነ ንገረው። ዳዊት የወደቀው ነገሥታት ወደ ሰልፍ በሚወጡበት ወራት ኢዮአብን ልኮ እርሱ በኢየሩሳሌም በቀረ ጊዜ መሆኑን መጽሐፍ ሳይነግረን አላለፈም። «አባቴ፣ ይህንኑ ለአምስተኛ ጊዜ ይዤ መጥቻለሁ» ብለህ ጀምር፤ ቁጥሩንም አትደብቅ። የሚሰጥህን ቀኖና እንደ ዕዳ ክፍያ አትቁጠረው፤ መድኃኒት ነው፣ ካልሠራም ሐኪሙ ይለውጠዋል። በውድቀትህ የተጎዳ ሰው ካለ እንደ ዘኬዎስ መካስ አለብህ፤ ይህን ዕንባ አይተካውም። ልማዱ ሰውነትን የያዘ ሱስ ከሆነ ደግሞ የሕክምና ባለሙያ ማማከር እምነት ማጣት አይደለም። መቼ እንደምትቆርብ የሚወስነው ንስሐ አባትህ ነው፤ እኔ በሩቅ ሆኜ አልናገርም።

«ይንቀኛል» ብለህ እንደምትሰጋ ይገባኛል፤ «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ብለን ያደግን ነን። ወንበዴ የነበረውን አባ ሙሴ ጸሊምን ታውቀዋለህ። በግብፅ በረሃ በአስቄጥስ ገዳም አንድ ወንድም ቢያጠፋ መነኮሳቱ ሊፈርዱበት ተሰብስበው ላኩበት። እርሱም ቀዳዳ ቅርጫት አሸዋ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። «ምንድን ነው አባ?» ቢሉት «ኃጢአቴ ከኋላዬ እየፈሰሰ እኔ አላየውም፤ በሌላው ልፈርድ ግን መጣሁ» አላቸው። ወንድሙን ማሩት። ንስሐ አባትህም ያንን ቅርጫት ተሸክሞ ነው የሚሰማህ። የሰው ነገርና ምናልባት አንድ ቀን ይቆጣህ ይሆናል፤ ቢቆጣህም «እግዚአብሔር ይፍታህ» ከማለት አይመለስም።

ሌላውን የግብፅ በረሃ አባት አባ ሲሶይን አንድ ወንድም «ወደቅሁ፤ ምን ላድርግ?» ቢለው «ተነሣ» አለው። «ተነሥቼ ደግሜ ወደቅሁ» ቢለው «ደግመህ ተነሣ» አለው። «እስከ መቼ?» ቢለው «ሞት ተነሥተህ ወይም ወድቀህ እስኪያገኝህ ድረስ» አለው። ከዚህ የበለጠ የማክልበት የለኝም።

የቀረችው የሌሊቱ ጥያቄህ ናት። ጌታ በምሳሌ የነገረን ቀራጭ (ሉቃ. 18) በሩቅ ቆመ፣ ዓይኑን ወደ ሰማይ ማንሣት አልወደደም፣ ደረቱን መታ፤ ቢሆንም ወደ መቅደስ ወጥቶ ነው ይህን ሁሉ ያደረገው። በወደቅህበት ሌሊት መቆም ካቃተህ ተቀምጠህ ጸልይ። 50ኛውን መዝሙር ለማንበብ አፍህ ካልታዘዘ «አምላክ ሆይ፥ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ» በል፤ ቀራጩም ያለው ይህንኑ ብቻ ነው። ከዚያ ተኛ፤ ሲነጋ ለንስሐ አባትህ ደውል።