ኤጀንቱ የሚያውቀው የጻፍንለትን ብቻ ነው

«የውስጥ መሣሪያዎቻችን (እንደ ትዕዛዝ መሰረዝ ያለ አንድ ሥራ የሚያከናውኑ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ሰነድ ተሟልቶ ተጽፏል፤ ባልደረቦቻችንም ሲያነቡት ይገባቸዋል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኤጀንቱ፣ ማለትም ጥያቄ አንብቦ መሣሪያዎቹን ራሱ መርጦ የሚያዝዘው ፕሮግራም፣ ግን የተሳሳተውን መሣሪያ እየመረጠ አስቸገረን። ሰነዱን እናርዝመው?» ብለው ለጠየቁት፦

እኛም በዚሁ ችግር ወራት ፈጅተናል። ማርዘም ብቻውን አልጠቀመንም። የጠቀመን ለሁላችን ግልጽ ስለነበር ማንም ያልጻፈውን ነገር ፈልጎ መጻፍ ነው።

«ትዕዛዝ ሰርዝ» እና «ትዕዛዝ ዝጋ» የሚባሉ ሁለት መሣሪያዎች ነበሩን። የአንደኛው መግለጫ «ትዕዛዙን ይሰርዛል»፣ የሌላው «ትዕዛዙን ይዘጋል» ይል ነበር። ስሙን ከመድገም በቀር የጨመሩት ነገር የለም። አንድ ደንበኛ «ዕቃው ደርሶኛል፤ ትዕዛዙን ጨርሱልኝ» ብሎ ሲጽፍ ኤጀንቱ ሰረዘው፤ ገንዘቡም ለደንበኛው ተመለሰ። ከእኛ መካከል ይህን የሚሳሳት አልነበረም። መሰረዝ ዕቃው ከመጋዘን ሳይወጣ፣ መዝጋት ደግሞ ደንበኛው ከተረከበ በኋላ እንደሆነ አዲስ ሠራተኛ እንኳ አጠገቡ ያለውን ጠይቆ በመጀመሪያው ቀን ይማረዋል። ኤጀንቱ ግን ዞር ብሎ የሚጠይቀው ሰው የለውም። የሚቀርብለት የመሣሪያው ስም፣ መግለጫውና የፓራሜትሮቹ (መሣሪያው ሲጠራ፣ ማለትም ሥራውን እንዲሠራ ሲታዘዝ፣ የሚሰጡት መረጃዎች) ዝርዝር ነው። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያው አንትሮፒክ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ይፋ ያደረገው ኤምሲፒም (የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞችን ከመሣሪያዎችና ከመረጃ ምንጮች ጋር ለማገናኘት የወጣ የጋራ ደንብ) መሣሪያን ኤጀንቱን ለሚያንቀሳቅሰው ሞዴል የሚያስተዋውቀው በዋናነት በእነዚሁ ነው።

ዛሬ የመሰረዣው መግለጫ እንዲህ ይነበባል፦ «ከመጋዘን ያልወጣ ትዕዛዝ ይሰርዛል፤ የተከፈለውንም ገንዘብ ወዲያውኑ ይመልሳል። ከተፈጸመ በኋላ መቀልበስ አይቻልም። ዕቃው ለደንበኛው ከደረሰ ይህን አትጠቀም፤ ‹ትዕዛዝ ዝጋ› የሚለውን ተጠቀም። ዕቃው በመንገድ ላይ ከሆነ ሁለቱንም አትጥራ፤ ጉዳዩን ለሰው አስተላልፍ።» ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ያገለገለን «አትጠቀም» የሚለው ነው። አብዛኛው ሰነድ መሣሪያው ምን እንደሚሠራ ይናገራል፤ መቼ እንደማያገለግልና ያን ጊዜ ወዴት መሄድ እንደሚገባ ግን አይናገርም። መግለጫው ብቻውን በር አይዘጋምና፣ ኮዱም ለደንበኛው የደረሰ ትዕዛዝ አልሰርዝም እንዲል አድርገነዋል። እባክዎ ይህን አይዝለሉት።

ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን ማንም ሳያየው ያለፈው ስህተት ነው። የሽያጭ መፈለጊያችን «መነሻ ጊዜ፦ ቁጥር» እና «መድረሻ ጊዜ፦ ቁጥር» የሚሉ ሁለት ፓራሜትሮች ነበሩት። መሣሪያው የሚጠብቀው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ የተቆጠረ ሚሊሰከንድ፣ ማለትም ለዛሬ ቀን 13 አሃዝ ነው። ኤጀንቱ በሰከንድ የተቆጠረ ባለ 10 አሃዝ ቁጥር ላከ። መሣሪያውም ታዝዞ በጃንዋሪ 1970 የተካሄደ ሽያጭ ፈለገ፤ ባዶ ዝርዝር መለሰ። ኤጀንቱ «በዚህ ወር ምንም ሽያጭ የለም» ብሎ ሪፖርት ጻፈ። ስህተት የሚል ቃል የትም አልታየም። አሁን ቀኑን በጽሑፍ፣ በ«2025-03-04» መልክ እንቀበላለን፤ መግለጫው ዓመት፣ ወር፣ ቀን የሚለውን ቅደም ተከተልና የሰዓት ቀጠናውን ይናገራል። ባዶ ዝርዝር ሲመለስም የተፈለገበት ጊዜ ከየት እስከ የት እንደነበር አብሮ ይጻፋል። መለኪያ ያለው ነገር ሁሉ እንዲሁ ነው፤ «መጠን» ብቻ ብለው አይተዉት፣ ኪሎ ይሁን ግራም ይጻፉት።

የስህተት መልእክትም የሰነዱ ክፍል ነው፤ ኤጀንቱ የሚያነበው በሚያስፈልገው ሰዓት ስለሆነ እንዲያውም ዋነኛው ክፍል ይመስለኛል። «ልክ ያልሆነ ጥያቄ» ብለን ስንመልስለት ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ ይልክ ነበር። «የደንበኛ መለያው 8 አሃዝ መሆን አለበት፤ የላክኸው ስልክ ቁጥር ነው፤ መለያውን በስልክ ለማግኘት ‹ደንበኛ ፈልግ›ን ጥራ» ካልነው በኋላ በሁለተኛው ሙከራ ራሱን ያርማል።

ስለ ርዝመት ከጠየቁኝ፣ የመሣሪያዎቹ መግለጫዎች ብዙ ጊዜ በየንግግሩ መጀመሪያ አብረው ስለሚጫኑ ትርፍ ቃል ቦታ ይሻማል። መሣሪያውን ማን እንደሠራው፣ ድሮ ምን ይባል እንደነበር፣ ወደፊት ምን እንደሚታሰብለት የሚያወራውን አውጥተን፣ በምትኩ የትክክለኛ ጥሪ አንድ ምሳሌ አስገባን።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ይሞክሩ። ሥርዓቱን የማያውቅ ባልደረባ ይፈልጉና ለኤጀንቱ የሚቀርበውን ብቻ ያሳዩት፤ ከዚያ ደንበኞች በእርግጥ የጻፏቸውን ጥቂት ጥያቄዎች ሰጥተው የትኛውን መሣሪያ እንደሚመርጥ ይጠይቁት። እርስዎ አፍዎን ከፍተው ሊያስረዱት የቃጡት ነገር ሁሉ ከሰነዱ የጎደለ ነው፤ እዚያው ይጻፉት። የሚምታቱትን ሁለት መግለጫዎች ሳያስተካክሉ እንዳሉ ቢልኩልን ደግሞ አብረን እናያቸዋለን።