አንቲቫይረሱን አጥፉ የሚል አክቲቬተር

ጥያቄ፦ «የኦፊስ ላይሰንሴ ስላለቀ ያለ ክፍያ እንዲሠራ የሚያደርግ አክቲቬተር አወረድኩ። ዚፑ በፓስወርድ ተቆልፏል፤ መመሪያው ደግሞ መጀመሪያ የዊንዶውስን አንቲቫይረስ፣ ዲፌንደርን፣ አጥፋ ይላል። አጥፍቼ ከፈትኩት፣ ኦፊሱም ሠራ። ማንኛውም አክቲቬተር በቫይረስነት ይያዛል፣ አትስጋ ይሉኛል። እውነት ነው? ያለ ስጋት የምጠቀምበት መንገድስ አለ?»

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ያላቅቁት። የቀረውን በስልክዎ ያንብቡ።

የሚሉዎት ግማሹ እውነት ነው። አክቲቬተር የፕሮግራሙን የፈቃድ ቁጥጥር ስለሚያታልል፣ ሌላ ተንኮል ባይኖርበትም አንቲቫይረስ ሊይዘው ይችላል። ክፋቱ፣ ይህን ማስጠንቀቂያ ከእውነተኛው አደጋ የሚለዩበት መንገድ የለዎትም፤ ሌቦቹም የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። ዚፑ በፓስወርድ የሚቆለፈው አንቲቫይረሱ ውስጡን እንዳይፈትሽ ነው። ኦፊሱ መሥራቱም ማረጋገጫ አይሆንም። በ2021 ኬኤምኤስፒኮ በተባለው አክቲቬተር ስም ይሰራጩ የነበሩ የተበከሉ ፋይሎች አክቲቬተሩን በትክክል ይጭኑና ከጀርባ ክሪፕትቦት የተባለ መረጃ ሰራቂ ያስገቡ ነበር። ተጠቃሚው ሥራው ተሳካ ብሎ ሲያልፍ፣ ሰራቂው ብሮውዘር ላይ የተቀመጠውን ፓስወርድና ኩኪ ለቅሞ ይልካል።

ኩኪው፣ ማለትም አካውንትዎ ውስጥ መግባትዎን ብሮውዘሩ የሚያስታውስበት መረጃ፣ ይበልጥ ያሳስበኛል። አካውንትዎ ከተከፈተበት ብሮውዘር ኩኪ የወሰደ ሰው ብዙ ጊዜ ፓስወርድም ሆነ በስልክ የሚላክ ኮድ ሳይጠየቅ ይገባል። ስለዚህ አሁኑኑ በስልክዎ፣ በፍጹም በዚያ ኮምፒውተር ሳይሆን፣ መጀመሪያ የኢሜይልዎን ፓስወርድ ይቀይሩ፤ ቀጥሎም «ከሁሉም መሣሪያዎች ውጣ» የሚለውን ይጫኑ። ከዚያ ወደ ባንክና ወደ ሌሎቹ አካውንቶች ይሂዱ።

ዲፌንደርን መልሶ ማብራት ብቻውን አይበቃም። ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ከፍተው ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን ውስጥ ማኔጅ ሴቲንግስ ይግቡ፤ ወደ ታች ሲወርዱ ኤክስክሉዥንስ ያገኛሉ። እዚያ የተመዘገበ ነገር ሁሉ አይፈተሽም። እንዲህ ያለ ፋይል ራሱ ያረፈበትን ፎልደር፣ አንዳንዴም ሙሉውን ሲ ድራይቭ አስመዝግቦ ሊሄድ ይችላል። እርስዎ ያላስገቡትን በሙሉ ይሰርዙና የኦፍላይን ስካኑን ያስጀምሩ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳና ዊንዶውስ ሳይከፈት ይፈትሻል፤ 15 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል።

ስካኑ ምንም ባያገኝም እኔ ብሆን ፎርማት አደርገዋለሁ። ሰነድና ፎቶ ብቻ ወደ ውጫዊ ድራይቭ ይገልብጡ፤ የፕሮግራም መጫኛ ፋይል አንድም አይውሰዱ። ዊንዶውስ የሚጭኑበትን ፍላሽ ንጹሕ በሆነ ሌላ ኮምፒውተር ያዘጋጁ። ውጫዊውን ድራይቭ ሥራ ሲጨርሱ ይንቀሉት፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ስቶፕ የተባለው ቫይረስ በብዛት የሚገባው በክራክ (ፈቃዱ በተሰበረ ፕሮግራም) በኩል ነው፣ የተሰካ ባክአፕ ካገኘ ደግሞ እሱንም ይቆልፋል።

ያለ ስጋት የመጠቀሚያ መንገድ ስላሉት፣ ለአክቲቬተር የለም። ከዋናው ዊንዶውስ ተነጥሎ ለሙከራ በሚከፈተው በዊንዶውስ ሳንድቦክስ ልሞክረው የሚል አለ፤ ሳንድቦክስ ሲዘጋ የተሠራው ሁሉ ይጠፋል፣ ዋናው ኦፊስዎ ላይ ምንም አይለወጥም። ፋይልን በብዙ አንቲቫይረሶች የሚፈትሸው ቫይረስቶታል የተባለ ድረ ገጽ ላይ ጭኖ ማስፈተሽም አዲስ ለተሠራ ፋይል ዋስትና አይሰጥም።

ለደብዳቤና ለተራ ሰንጠረዥ ከሆነ በብሮውዘር የሚከፈተው ኦፊስ በማይክሮሶፍት አካውንት በነጻ ይሠራል። ያለ ኢንተርኔት መሥራት ካለብዎት ነጻ የቢሮ ፕሮግራም የሆነውን ሊብረኦፊስን ከራሱ ድረ ገጽ ያውርዱ፤ የዎርድና የኤክሴል ፋይሎችዎን ይከፍታል፣ ማክሮ (ሥራን በራሱ የሚያከናውን ትእዛዝ) የበዛባቸው ሰንጠረዦች ላይ ግን ሊቸገሩ ይችላሉ።