ኢሜይሌ ለምን ተመለሰ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ሳይደርስ ስለተመለሰ ኢሜይል የሚጠይቁ ናቸው። ተቀራራቢ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል። የእንግሊዝኛውን ማስጠንቀቂያ በድምፁ በግእዝ ፊደል ጽፈነዋል፤ ስክሪንዎ ላይ የሚያዩት በላቲን ነው።

ጥያቄ፦ በአንድ ድርጅት የግዥ ክፍል ጸሐፊ ነኝ። ለአቅራቢዎች ደብዳቤ ስልክ «ሜይለር ዴመን» ከሚባል ላኪ አንድ ገጽ ሙሉ እንግሊዝኛ ይመለስልኛል። ግማሹ ቁጥር፣ ግማሹ የማላውቀው ቃል ነው። ከየት ጀምሬ ላንብበው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ከቁጥሩ ይጀምሩ። ገጹ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ተጽፈው ያገኛሉ፤ ለምሳሌ «550 5.1.1»። ዙሪያው ያለውን ዓረፍተ ነገር እያንዳንዱ የሰርቨር (ደብዳቤውን የሚያስተላልፈው ኮምፒውተር) ባለቤት እንደፈለገው ይጽፈዋል፤ ለዚህም ነው አንዱ ትሑት፣ ሌላው ቁጡ፣ ሦስተኛው ጭራሽ የማይገባ የሚሆነው። በነጥብ የተለያየው ቁጥር ግን በ1996 የወጣና በ2003 የተሻሻለ የጋራ ደንብ ስላለው የትም ቢሄዱ ትርጉሙ አንድ ነው።

የመጀመሪያው አኃዝ ፍርዱን ይነግርዎታል። 4 ከሆነ ችግሩ ጊዜያዊ ነው፣ ሰርቨሩ ራሱ ደጋግሞ ይሞክራል። 5 ከሆነ አልቋል፤ አንድ ነገር ሳይስተካከል መልሶ መላክ ያንኑ መልስ ነው የሚያመጣው። የመሐሉ አኃዝ ደግሞ ችግሩ የት እንዳለ ያሳያል፦ 1 አድራሻው ላይ፣ 2 የተቀባዩ የመልእክት ሳጥን ላይ፣ 3 የተቀባዩ ሰርቨር ላይ፣ 4 በሰርቨሮቹ መካከል ባለው መስመር ላይ፣ 5 ሰርቨሮቹ በሚነጋገሩበት ሥርዓት ላይ፣ 6 በይዘቱ ላይ፣ 7 በጥበቃና በመመሪያ ላይ። በቢሮ ሥራ ደጋግመው የሚያጋጥሙት 1፣ 2 እና 7 ናቸው።

5.1.1 ማለት «ሰርቨሩን አግኝቼዋለሁ፣ በዚህ ስም የተመዘገበ ሰው ግን የለም» ማለት ነው። ጂሜይል ይህንኑ «አድሬስ ኖት ፋውንድ» በሚል ርዕስ ይልከዋል። እኛ አገር ዋናው ምክንያት የስም አጻጻፍ ነው። ጸሐይ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ስማቸውን በላቲን ሲጽፉ አንዷ በ«ቲ» ሌላዋ በ«ኤስ» ትጀምራለች፣ መጨረሻውን አንዷ በ«ዋይ» ሌላዋ በ«አይ» ትዘጋለች። አድራሻ በስልክ ሲቀበሉ ፊደል በፊደል ያስደግሙ፤ ከተቻለ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ በቴክስት ይላክልዎ። ከሌላ ሰነድ ላይ ገልብጠው ከሆነም መጨረሻው ላይ ነጥብ ወይም ክፍት ቦታ አብሮ እንዳልመጣ ይመልከቱ።

5.2.2 ሳጥኑ ሞልቷል ማለት ነው። ጂሜይል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ከፎቶና ከድራይቭ ጋር የጋራ ስለሆነ፣ ሰውየው ኢንቦክሱን ቢያጸዳም ፎቶዎቹ ቦታውን ሊይዙበት ይችላሉ። እርስዎ ከኮምፒውተርዎ ሆነው የሚያስተካክሉት ነገር የለም፤ ደውለው ይንገሩት።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ማየት ያለብዎት መልሱን የሰጠው ማን እንደሆነ ነው። ወደ ታች ሲወርዱ «ሪፖርቲንግ ኤምቲኤ» የሚል መስመር አለ፤ እሱ ማስጠንቀቂያውን የጻፈው ሰርቨር ነው፣ ብዙውን ጊዜ የራስዎ መሥሪያ ቤት። «ሪሞት ኤምቲኤ» የሚለው ደግሞ ደብዳቤውን አልቀበልም ያለው የሌላው ወገን ሰርቨር ነው። ሁለተኛው መስመር ጨርሶ ከሌለ ደብዳቤው አብዛኛውን ጊዜ ከእርስዎ ወገን አልወጣም። ያን ጊዜ ከ«አት» ምልክቱ በኋላ ያለውን ክፍል ይመርምሩ። በ«ዶት ኮም ዶት ኢቲ» የሚያልቀውን በ«ዶት ኮም» ብቻ መጻፍ፣ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤትን «ዶት ጎቭ ዶት ኢቲ» በ«ዶት ኮም ዶት ኢቲ» መለወጥ የተለመደ ስሕተት ነው።

ለኮምፒውተር ክፍል ሲያመለክቱ የላይኛውን ክፍል ብቻ ፎቶ አንስተው አይላኩ። የሚፈለገው መረጃ ያለው ከታች ስለሆነ ተመላሹን እንዳለ ፎርዋርድ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ «ዲሌይድ» የሚል ማስጠንቀቂያ ሲመጣልኝ ደብዳቤው ያልሄደ መስሎኝ ደግሜ ላክሁ። በማግስቱ ተቀባዩ ተመሳሳይ ደብዳቤ ደጋግሞ ደረሰኝ አለኝ። ምን ማድረግ ነበረብኝ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ መጠበቅ ብቻ። «ዲሌይድ» ደብዳቤዎ ወረፋ ላይ ነው የሚል ዜና ነው። የኢሜይል ደንብ ላኪው ሰርቨር በሙከራዎቹ መካከል ቢያንስ 30 ደቂቃ እንዲቆይ፣ ተስፋ ከመቁረጡም በፊት ቢያንስ 4 ወይም 5 ቀን እንዲሞክር ይመክራል። እርስዎ በላኩ ቁጥር አዲስ ቅጂ ወረፋው ላይ ይጨመራል፤ የተቀባዩ ሰርቨር ሲመለስ ሁሉም ተከታትለው ይገባሉ።

ኢንተርኔት የተቋረጠበት ወይም መብራት የጠፋበት መሥሪያ ቤት ብዙ ጊዜ 4.4.1 ያመጣል፤ ሰርቨሩ መልስ አልሰጠም ማለት ነው። 450 ወይም 451 ከ4.7.1 ጋር ካዩ ደግሞ ተቀባዩ የማያውቀውን ላኪ ሆን ብሎ «ቆይተህ ተመለስ» እያለ ሊሆን ይችላል። ትክክለኛ ሰርቨር ስለሚመለስ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያልፋል፤ ስፓም በጅምላ የሚረጩት ብዙዎቹ ግን አይመለሱም።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «አክሽን» የሚለውን መስመር ከቁጥሩ ጋር አብረው ያንብቡት። «ዲሌይድ» ካለ ይጠብቁ። «ፌይልድ» ካለ ግን ቁጥሩ በ4 ቢጀምርም የሙከራው ቀን አልቋልና ደብዳቤው ቀርቷል፣ እንደገና መላክ ያለብዎት ያን ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ የማኅበራችን ኢሜይል ከጥንት ጀምሮ የያሁ ነው። ወርኃዊ መልእክታችንን በአንድ የጅምላ መላኪያ አገልግሎት በኩል ስንልክ ጂሜይል ላላቸው አባላት አይደርስም። የሚመለሰው 550 5.7.26 ሲሆን የያሁን አስተዳዳሪ አነጋግሩ ይላል። የት ነው የምናገኘው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ አይፈልጉት። ምክሩ ለቴክኒክ ሰው ትክክል ነው፣ ለእናንተ ግን ምንም አይፈይድም፤ ደህና ያልተጻፈ ማስጠንቀቂያ ሰውን እንዴት ያለ ቦታው እንደሚያንከራትት የሚያሳይ ነው። በእናንተ ቋንቋ ቢጻፍ እንዲህ ነበር የሚለው፦ «የላኪው አድራሻ የያሁ ነው፣ ያመጣው ሰርቨር ግን የያሁ አይደለም። ያሁ እንዲህ ያለውን መልሱ ብሎ አዝዟልና መልሰነዋል።»

ያሁ ይህን ትእዛዝ ያወጣው በኤፕሪል 2014 ነው። ትእዛዙ የሚተላለፍበት መንገድ ዲማርክ ይባላል። የያሁ ባለቤት ስላልሆናችሁ መላኪያ አገልግሎታችሁን በያሁ ስም እንዲልክ መፍቀድ አትችሉም፣ የጽሑፉን ይዘት ብትቀይሩም ለውጥ አያመጣም። መፍትሔው የማኅበሩን የራሱን ዶሜይን (ከ«አት» ምልክቱ በኋላ የሚጻፈውን ስም) መግዛትና «ፍሮም» የሚለው ላይ በዚያ ዶሜይን ያለ አድራሻ ማድረግ ነው። የያሁውን አድራሻ «ሪፕላይ ቱ» ላይ ማስቀመጥ ስለሚቻል የአባላት መልስ እንደቀድሞው እዚያው ይመጣል።

ዶሜይኑን ከገዙ በኋላ ዲኤንኤሱ (ስለ ዶሜይኑ ለሌሎች ሰርቨሮች መረጃ የሚሰጠው የኢንተርኔት ማውጫ) ላይ ሦስት መዝገቦች ይገባሉ። ኤስፒኤፍ በዶሜይናችሁ ስም መላክ የሚችሉትን ሰርቨሮች ይዘረዝራል። ዲኪም እያንዳንዱ መልእክት ላይ የሚያርፈውን ፊርማ ለማረጋገጥ ነው፤ የሚገባውን ጽሑፍ መላኪያ አገልግሎቱ ይሰጣችኋል፣ እንዳለ ገልብጡት። ሦስተኛው ዲማርክ ነው፤ መጀመሪያ «ፒ» የሚለውን «ነን» (ምርመራውን ባያልፍም አትመልሱ ማለት ነው) አድርጋችሁ ጀምሩ፣ ሁሉም በደህና ሲያልፍ ታጠብቁታላችሁ። የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ኤስፒኤፍ ላይ ነው። አንድ ዶሜይን አንድ የኤስፒኤፍ መዝገብ ብቻ ነው የሚኖረው፤ አዲስ አገልግሎት ሲጨመር ሁለተኛ መስመር ከተጻፈ ምርመራው በስሕተት ያበቃል። አዲሱን ነባሩ መስመር ውስጥ ጨምሩት። መዝገቡ የሚያስከትለው የዲኤንኤስ ፍለጋም ከ10 መብለጥ የለበትም።

ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ጂሜይል ከማንኛውም ላኪ ቢያንስ ኤስፒኤፍን ወይም ዲኪምን ይፈልጋል። በቀን ከ5,000 በላይ ለሚልኩ ደግሞ ሦስቱም ግዴታ ናቸው። የማኅበር መልእክት እዚያ ቁጥር ባይደርስም ሦስቱንም ማስገባቱ ይበጃል።

ጥያቄ፦ ስካን ያደረግሁት ሰነድ 20 ሜጋባይት ነው። የተቀባዩ ገደብ 25 ነው ተብያለሁ። ታዲያ ለምን 552 5.3.4 ብሎ መለሰው? (ከደሴ)

መልስ፦ ኢሜይል አባሪን እንደ ፋይል ሳይሆን ወደ ጽሑፍ ለውጦ ነው የሚልከው። በዚህ ለውጥ እያንዳንዱ 3 ባይት 4 ይሆናል፣ የመስመር መለያዎችም ይጨመሩበታል፤ ስለዚህ 20 ሜጋባይቱ መንገድ ላይ 27 ገደማ ነው። ገደቡ 25 ከሆነ ከ18 አይለፉ። ለደብዳቤ ስካን በጥቁርና ነጭ ወይም በግራጫ፣ በ200 ዲፒአይ ይበቃል፤ ማኅተሙ በቀለም መታየት ካለበት ያንን ገጽ ብቻ በቀለም ያድርጉ። ካልሆነ ድራይቭ ላይ አስቀምጠው ሊንኩን ይላኩ።

ጥያቄ፦ ያልላክሁት ደብዳቤ አልደረሰም እየተባለ ይመለስልኛል። ተሰርቄ ይሆን? (ከሪያድ)

መልስ፦ በመጀመሪያ «ሴንት» የሚለውን ማህደር ይመልከቱ፤ ቀጥሎም ሴቲንግ ውስጥ እርስዎ ያላስገቡት የፎርዋርድ ትእዛዝ መኖሩን። ከተመላሹ ጋር የተያያዘው የመጀመሪያ ደብዳቤ «ሪሲቭድ» መስመሮቹ ላይ የእርስዎ አገልግሎት ሰጪ ሰርቨር ከሌለ፣ ሌላ ሰው አድራሻዎን ላኪ ቦታ ላይ ጽፎት ነው እንጂ ሳጥንዎ አልተከፈተም። ካለ ግን የይለፍ ቃሉን ወዲያው ይቀይሩ፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫም ያብሩ። በተመላሹ ውስጥ ያለ ሊንክም ሆነ አባሪ አይክፈቱ፤ ሐሰተኛ ተመላሽ አስመስሎ መላክ የታወቀ ማጭበርበሪያ ነው።

ጥያቄ፦ በኮሌጃችን የፖስትፊክስ (የኢሜይል ሰርቨር ፕሮግራም ነው) ሰርቨር አስተዳዳሪ ነኝ። ሠራተኞቻችን ተመላሽ መልእክት ሲያዩ ሳያነቡ ያጠፉታል። በአማርኛ ማድረግ ይቻላል? (ከጎንደር)

መልስ፦ ይቻላል፣ ሊደረግም ይገባል። «ፖስትኮንፍ» የሚለውን ትእዛዝ በሰረዝ «ቲ» ሲያስኬዱት አብረው የመጡትን ቅጾች ያወጣልዎታል። ወደ ፋይል ገልብጠው ያርሙ፤ የሚነኩት «ፌይለር» እና «ዲሌይ» የሚሉትን ሁለቱን ነው።

የቅጹ ራስጌ ላይ ያለውን «ቻርሴት» ከዩኤስ አስኪ ወደ ዩቲኤፍ 8 ይለውጡት፤ ይህ ሳይቀየር የግእዝ ጽሑፍ አይገባም። ርዕሱን ግን በላቲን ይተዉት። በጽሑፉ ውስጥ የዶላር ምልክት የተለዋዋጭ መጠሪያ ስለሆነ ምልክቱን ራሱን ከፈለጉ ሁለት ጊዜ ይጻፉት። ሲጨርሱ «ፖስትኮንፍ» በሰረዝ «ቢ» እና በፋይሉ ስም ያስኬዱት፤ ተለዋዋጮቹ ተሞልተው ያሳይዎታል። ከዚያ ፋይሉን ፖስትፊክስ ማህደር ውስጥ አስቀምጠው ዋናው የቅንብር ፋይል ላይ «ባውንስ ቴምፕሌት ፋይል» በሚለው መስመር ያመላክቱትና «ሪሎድ» ያድርጉ።

አንድ ቅጽ ለሁሉም የስሕተት ዓይነት የሚያገለግል መሆኑን አይርሱ፤ ለሞላ ሳጥን አንድ፣ ለተሳሳተ አድራሻ ሌላ ጽሑፍ ማዘጋጀት አይቻልም። ስለዚህ ጽሑፉ አንባቢውን ወደ ቁጥሩ ይምራው። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ደብዳቤዎ ከታች ለተጻፈው አድራሻ አልደረሰም፤ ሰርቨሩም ከእንግዲህ አይሞክርም። ከታች በ5.1 የሚጀምር ቁጥር ካዩ የአድራሻውን አጻጻፍ ያረጋግጡ። በ5.2 ከጀመረ ለተቀባዩ ይደውሉ። በ5.7 ከጀመረ ይህን መልእክት እንዳለ ለኮምፒውተር ክፍል ያስተላልፉ።»

ከሥሩ ይኸው በአጭር እንግሊዝኛ ይደገም፤ ተማሪም መምህርም ከውጭ አገር ሊኖር ይችላል። የመዘግየት ቅጹ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር «ምንም ማድረግ አይጠበቅብዎትም፣ ደግመው አይላኩ» ይሁን። ይህ ማስጠንቀቂያ ካላበሩት አይላክም፤ «ዲሌይ ዋርኒንግ ታይም» 0 ሆኖ ነው የሚመጣው፣ 4 ሰዓት ያድርጉት።

ሌላው ወገንም አለ። የእናንተ ሰርቨር የውጭ ላኪን በር ላይ ሲመልስ ተመላሹን የሚጽፈው የላኪው ሰርቨር ነው፤ የእናንተ ድርሻ ከቁጥሩ ቀጥላ የምትገባው አንዲት መስመር ናት። እሷ በላቲን ትሁን፤ ከነቁጥሩ ከ512 ባይት አትለፍ። «ኤስኤምቲፒዲ ሪጀክት ፉተር» የሚለው ቅንብር ከ2.8 ጀምሮ በእያንዳንዱ እምቢታ ሥር ተጨማሪ ጽሑፍ ያስገባል። የቢሮ ስልክ ቁጥር፣ ሰዓቱንና የላኪውን አይፒ ያስገቡበት። ላኪው ደውሎ ሰዓቱንና አይፒውን ሲያነብልዎ ሎግ ውስጥ መስመሩን ወዲያው ያገኙታል።

ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ከኮሌጁ አድራሻ ወደሌለ የጂሜይል አድራሻ ይላኩና ተመላሹን በኮምፒውተርም በስልክም ይክፈቱ። ፊደሉ ቦታ ቦታውን ይዞ ከታየና ቁጥሩን ለማግኘት ከሁለት ስክሪን በላይ ማሸብለል ካላስፈለገ ቅጹ ደህና ነው፤ ካስፈለገ መግቢያውን ያሳጥሩት።